ሚኒሶታ፦ አሥር ቀን ከዜሮ ፋራናይት በታች ሲከርም ቤትና መኪና እንዴት ይያዛል?

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንበያው ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለአሥር ቀን ያህል ቀን እንኳ ከዜሮ ፋራናይት እንደማያልፍ፣ ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች 22 እንደሚደርስ ይናገራል፤ በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 30 ማለት ነው። ቤቱ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በኪራይ የተያዘ ያረጀ የእንጨት ቤት ነው፤ ፈርነሱ (የቤቱ ማሞቂያ) ቤዝመንት ውስጥ፣ የኩሽናው ሲንክ የውጭ ግድግዳ ላይ፣ መስኮቶቹም ንፋስ ያስገባሉ። መኪናው የ2012 ቶዮታ ኮሮላ፣ ባትሪው አራት ዓመቱ ነው። የሚያድረው መንገድ ዳር ሲሆን በሥራ ሰዓት ገላጣ ፓርኪንግ ላይ አሥር ሰዓት ይቆማል። አንዱ ልጅ የሰባት ወር፣ አንዷ የሰባት ዓመት ተማሪ ናት። እስከ ቅዳሜ አራት ቀን አለ፣ ሊወጣ የሚችለው ገንዘብ 200 ዶላር ገደማ ነው። ከምን ይጀመር? ስፔስ ሂተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ) ልጆቹ ክፍል ማስገባትስ ይቻላል?

ፈርነስ ሠሪ፦

እህቴ፣ ዋናው ነገር «አሥር ቀን» ያልሽው ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ቢሆን ያረጀ ቤትም ይችለዋል፤ በማግስቱ ትንሽ ሞቅ ሲል ግድግዳው ያገግማል። ተከታትሎ ሲመጣ ግን ብርዱ በየቀኑ ወደ ውስጥ እየዘለቀ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ቧንቧው ጋ ይደርሳል። ቧንቧ የሚፈነዳውም ሰው «እስካሁን ምንም አልሆነም» ብሎ ሲዘናጋ ነው።

ከሲንኩ እንጀምር። ከሥሩ ያለውን የካቢኔት በር ማታ ማታ ክፍቱን አሳድሪው፣ የቤቱ ሙቀት ቧንቧው ጋ እንዲደርስ። ውስጡ ያሉትን የጽዳት ኬሚካሎች ግን ልጆቹ ከማይደርሱበት ስቀይ። ከዚያ ሩቢኔቱን ክፈቺ፤ ጠብ ጠብ የሚል ሳይሆን እንደ ክር የቀጠነ፣ የማይቋረጥ ውሃ ይውረድ። ሙቁም ቀዝቃዛውም። ብዙ ሰው ቀዝቃዛውን ብቻ ከፍቶ ይተኛና ጠዋት የሙቁ መስመር በረዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሁለቱም የሚያልፉት በዚያው ግድግዳ ነው። ቧንቧውን የሚሰነጥቀው አብዛኛውን ጊዜ በበረዶውና በተዘጋው ሩቢኔት መሃል የታፈነው ውሃ ግፊት ነው። ሩቢኔቱ ከተከፈተ ግፊቱ መውጫ ያገኛል።

ዛሬውኑ ቤዝመንት ወርደሽ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ፈልጊ። ብዙውን ጊዜ በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ፣ ከውሃ ቆጣሪው አጠገብ ነው። ክብ እጀታ ካለው ወደ ቀኝ እስኪያበቃ ይዞራል፤ እንደ ዘንግ ከሆነ ከቧንቧው ጋር መስቀል እስኪሠራ ሩብ ዙር ይበቃዋል። አሁን ሞክሪው፤ ዝጎ እምቢ ካለ ለአከራዩ ዛሬ ንገሪው። የተሰነጠቀ ቧንቧ ውሃውን የሚረጨው በረዶው ሲቀልጥ ስለሆነ ያን ጊዜ መዝጊያ መፈለግ አይቻልም።

ውሃው ከቀጠነ ወይም ከቆመ፣ ሩቢኔቱን ከፍተሽ በፀጉር ማድረቂያ ከሩቢኔቱ ጀምረሽ በረዶ ወደሆነው ቦታ እየሄድሽ አሙቂው። ከመሃል ከጀመርሽ የቀለጠው ውሃ መውጫ ያጣል። እሳት በፍጹም አይጠጋ። ግድግዳው ውስጥ ከሆነ ለባለሙያ ተይው።

ፈርነሱን በተመለከተ፣ ፊልተሩን አርብ ሳይደርስ ቀይሪ። ልኩ ዳሩ ላይ ተጽፏል፣ ለምሳሌ 16 በ25 በ1 ተብሎ። ቀስቱ ወደ ፈርነሱ ይዙር። መርቭ 8 የሚባለው የማጣራት ደረጃ ይበቃል፤ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ፊልተር አየሩን አንቆ ፈርነሱ ከመጠን በላይ እንዲግልና እሳቱን ራሱ እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ነፋሱ ይነፍሳል፣ ሙቀት ግን የለም። ቴርሞስታቱን ቀንም ሌሊትም 68 ላይ ተይው፤ ሌሊት ዝቅ የማድረግ ልማድ ለእነዚህ አሥር ቀናት ይቅር፣ አንዴ የቀዘቀዘ ግድግዳ በዚህ ብርድ ቶሎ አይመለስም። ፈርነሱ ያለማቋረጥ ቢሠራ አትደንግጪ፣ ብልሽት አይደለም።

ከቤቱ ጎን ሁለት ነጭ የፒቪሲ ቱቦዎች ወደ ውጭ ከወጡ፣ አንዱ አየር ማስገቢያ አንዱ የጭስ ማውጫ ናቸው። በረዶ በጣለ ወይም ንፋስ ባነሳው ቁጥር ዙሪያቸውን አንድ ክንድ ያህል ጥረጊ። ማስገቢያው ከተደፈነ ፈርነሱ ይቆማል፤ ለሌሊት ጥሪ ከሚያበቁ ብልሽቶች አንዱ ይኸው ነው።

ቢቆምስ? የቴርሞስታቱን ባትሪ፣ ፈርነሱ ጎን ያለውን የመብራት ማብሪያ የመሰለ ስዊች (ሰው ሳያስበው ያጠፋዋል)፣ ብሬከሩን፣ ፊልተሩን፣ ነጮቹን ቱቦዎች በዚህ ቅደም ተከተል እዪ። ካልሆነ ለአከራዩ በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቂ፤ የሚኒሶታ ሕግ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቢያንስ 68 ፋራናይት ሙቀት እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። የማሞቂያው ቢል (ሂሳቡ) በስምሽ ከሆነና ከከበደሽ ደግሞ ሳይቆረጥ ደውለሽ የክፍያ ስምምነት አድርጊ፤ ኮልድ ዌዘር ሩል የሚባለው ደንብ በእነዚያው ወራት ስምምነቱን ጠብቆ የሚከፍልን ሰው ማሞቂያ ከመቆረጥ ያድናል። ካልደወልሽ ግን ደንቡ በራሱ አይሠራልሽም።

መስኮቶቹን በሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ ሸፍኛቸው። ፍሬሙን በአልኮል ጠርገሽ፣ ሲደርቅ ሁለት ፊት ያለውን ቴፕ ለጥፈሽ፣ ፕላስቲኩን ዘርግተሽ፣ ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ ከማዕዘኖቹ ጀምሮ እስኪወጠር ማሞቅ ነው። ከቅዳሜ በፊት ይለቅ፤ ቀዝቃዛ ፍሬም ላይ ቴፑ አይዝም።

ስፔስ ሂተር ከተፈለገ 1500 ዋት ነው፣ ወደ 12.5 አምፔር ይስባል። አንዱ መስመር ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ስለሆነ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ከባድ ነገር፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፣ በኤክስቴንሽን አይሆንም፤ ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ ሦስት ጫማ (ፊት) ይራቅ። ሰው ተኝቶ ግን አይብራ። ስለዚህ ለልጆቹ ክፍል አልመክረውም፤ ከዚያ ይልቅ አሥሩን ቀን ሁላችሁም በሚሞቀው ክፍል ብታድሩ ይሻላል።

ቡና በኤሌክትሪክ፦

ከላይ ያልተነሳ አንድ ነገር አለ፤ በእኛ ቤት ደግሞ ከሁሉ በላይ አደገኛው እሱ ነው። መስኮቱ በፕላስቲክ ከታሸገ በኋላ ለቡናም ሆነ ለዕጣን ከሰል ቤት ውስጥ አይቀጣጠል። ጭሱ አልቆ የቀላው ፍም ነው ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያወጣው፣ እሱም አይሸትም። አገር ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ግድግዳው ያስተነፍሳል፤ እዚህ ቤቱ ታሽጓል። ቤዝመንትም ጋራዥም «ውጭ» አይባልም። የጋዝ ምድጃውን ከፍቶ ቤት ማሞቅም ያው ነው።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚው ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ (ፊት) ውስጥ እንዲኖር የሚኒሶታ ሕግ ያዛል። የሙከራ ቁልፉን ዛሬ ተጫኝው። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከጀመረውና ውጭ ሲወጣ ከተሻለው ጉንፋን አይደለም፤ ልጆቹን ይዘሽ ውጪና 911 ደውዪ። ለቡናው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ለዕጣኑም በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ማጨሻ አለ።

መካኒኩ፦

ስለ ኮሮላዋ። ገንዘቡን ሳታወጪ ባትሪውን አስለኪ፤ ብዙ የመኪና ዕቃ መደብሮች በነፃ ይለካሉ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ባትሪ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው። ዜሮ ፋራናይት ላይ ባትሪ የማስነሻ ጉልበቱን ከግማሽ በላይ ያጣል፣ ዘይቱም ስለሚወፍር ሞተሩ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። አራት ዓመት የሞላው ባትሪ በልኬት ደከም ካለ ከ200 ዶላሩ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ብሎክ ሂተር (ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ሞተሩን የሚያሞቅ) ግን መንገድ ዳር ለሚያድር መኪና አታስገጥሚ፣ የሚሰካበት የለውም።

በረጅም ብርድ ባትሪን የሚገድለው አጫጭር ጉዞ ነው። አሥር ደቂቃ ነድቶ ማሞቂያውን፣ የኋላ መስታወቱንና መብራቱን ያበራ መኪና ለማስነሳት የወሰደውን እንኳ አይመልስም። በየቀኑ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያለማቋረጥ ይነዳ። የአሥር ሰዓቱ ፈረቃ መሃል ላይ ዕረፍት ካለ ወጥተሽ 20 ደቂቃ ንጂው፤ በፊት ግን የጭስ ማውጫውን ጫፍ እዪ፣ በበረዶ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሌላው ቶሎ ቶሎ፦ የጎማ አየር በየ10 ፋራናይት ቅናሽ 1 ፒኤስአይ ያህል ይወርዳል፣ ስለዚህ አስሞይ። ቤንዚኑ ከግማሽ አይውረድ። የመስታወት ማጠቢያው ከዜሮ በታች 25 ወይም ከዚያ በታች የሚችል ይሁን፤ የበጋው ገንዳው ውስጥ ካለ መጀመሪያ ረጭተሽ ጨርሺው፣ ካልሆነ ያቀጥነዋል። የበሩን ጎማ ሲሊኮን ቀቢው። ሙቅ ውሃ መስታወት ላይ አታፍሺ፣ ይሰነጠቃል።

ካልነሳ፣ ጎኑ ያበጠ ባትሪ በረዶ ሆኗልና ጃምፕ አይደረግም (ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ አይነሳም)፣ ሊፈነዳ ይችላል። ደህና ከሆነ ገመዶቹ በዚህ ቅደም ተከተል ይያዙ፦ ቀይ በሞተው ባትሪ ፕላስ፣ ቀይ በደህናው ፕላስ፣ ጥቁር በደህናው ማይነስ፣ የመጨረሻው ጥቁር በሞተው መኪና ሞተር ላይ ቀለም ያልተቀባ ብረት። የመጨረሻው ባትሪው ላይ ቢሆን ብልጭታው ከባትሪው የሚወጣውን ጋዝ ሊያቀጣጥል ይችላል። በኪስ የሚያዘው የጃምፕ ባትሪ ካለሽ ማታ ቤት አስገቢው፣ መኪና ውስጥ ካደረ እሱም ይደክማል።

ከተማው ስኖው ኢመርጀንሲ (በረዶ ለመጥረግ ሲባል መኪና ማቆም የሚከለከልበት ጊዜ) ካወጀ ሚኒያፖሊስ ላይ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት (9 ፒኤም) እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት የስኖው ኢመርጀንሲ ምልክት ባለባቸው መንገዶች በሁለቱም በኩል አይቆምም። በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በሌሎቹ መንገዶች ሙሉ ቁጥር ባላቸው ቤቶች በኩል፣ በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው በኩል አይቆምም። የቅዱስ ጳውሎስ (ሴንት ፖል) ደንብ ሌላ ነው፣ አትደባልቂው።

ነርሷ፦

ልጅቷ አውቶቡስ ስትጠብቅ ዋናው ጉዳይ ንፋሱ ነው። ዜሮ ፋራናይት ሆኖ በሰዓት 15 ማይል ንፋስ ካለ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ይጎዳል፤ ከዜሮ በታች 15 ሆኖ 25 ማይል ከሆነ በ10 ደቂቃ። ከውስጥ የሚለበሰው ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላቡን ይዞ ያቀዘቅዛል። ሱፍ ወይም ቴርማል ይሁን። ጋቢው ለቤት ውስጥ ግሩም ነው፣ ለውጭ ግን የውስጥ ልብስ አይተካም። አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ጓንት ጣት ከሚለያየው ይበልጣል። ጫማው ወፍራም ካልሲ ይዞ ጣት የሚያንቀሳቅስ ስፋት ይኑረው፤ ከጠበበ ደም አይደርስም።

እዚህ «ቆዳው ሲቀላ» የሚል ምክር በብዛት ይሰጣል፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። የምታዪው አመድማ ወይም ገርጣ ያለ፣ እንደ ሰም የሚያብለጨልጭ፣ ሲነካ የጠነከረና የማይሰማ ቦታ ነው፤ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ ጣት። አትሺው፣ በበረዶም አትንኪው። ለብ ባለ ውሃ፣ ከ37 እስከ 39 ሴንቲግሬድ፣ ሙቀቱን ባልተጎዳ ክርንሽ ለክተሽ አሙቂው፤ ስሜቱ ካልተመለሰ ወይም ከቋጠረ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ሕፃኑን ወፍራም ጃኬት አልብሰሽ የመኪና መቀመጫው ቀበቶ ውስጥ አታስሪው። ግጭት ሲመጣ ጃኬቱ ይጨፈለቅና ቀበቶው ላልቶ ይገኛል። በስስ ልብስ አጥብቀሽ እሰሪውና ብርድ ልብሱን ከላይ ደርቢ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ደግሞ ቫይታሚን ዲ በቀን 400 ዩኒት እንደሚያስፈልገው ከሐኪሙ ጋር አረጋግጪ።

የሁለት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መዝጊያው ተገኝቷል፣ ይዞራል፤ ጠቋሚው ግን ባትሪው አልቆ ነበር፣ ተቀይሯል። ሁለት ነገር ቀረኝ። አከራዩ ለደረጃው የተወው ጨው ምንም አያቀልጥም። ሊጡም በዚህ ብርድ አልነሳ ብሏል።

ፈርነስ ሠሪ፦

ተራው ጨው ከ15 ፋራናይት በታች አይሠራም፤ ብትጨምሪበትም ያው ነው። ካልሲየም ክሎራይድ የሚል ከረጢት ግዢ፣ እሱ ከዜሮ በታችም ያቀልጣል። ጥቂት ይበቃል፣ በጓንት በትኚው። እስክታገኚው ድረስ አሸዋ በትኚበት፤ አያቀልጥም ግን አያንሸራትትም።

ቡና በኤሌክትሪክ፦

ሊጡን ኦቭኑ ውስጥ አስቀምጪው፤ እሳቱን ሳትለኩሺ የውስጡን መብራት ብቻ አብሪ። የመብራቱ ሙቀት ይበቃዋል። ዕቃውን እስከ አፉ አትሙይው፣ ሲነሳ ይገነፍላል። የኦቭኑ ማብሪያ ላይ ደግሞ «ሊጥ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፊበት፣ ሌላ ሰው ሳያይ እንዳይለኩሰው።