ክርክር፦ የግቢው ፋይል ጉግል ላይ ይቆይ ወይስ የራሳችን ሰርቨር ላይ?

አስተባባሪ፦ ሰላም ድሬዎች፣ ሰላም ሐረሮች። የዛሬው ጥያቄ፦ መምህራንና ተመራማሪዎች አብረው ለመሥራት ጉግል ድራይቭና ቴሌግራም ይበቃቸዋል? ወይስ ዩኒቨርሲቲዎቻችን እንደ ኔክስትክላውድ (ፋይል ማስቀመጫና መጋሪያ ነው) ያለ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር በራሳቸው ሰርቨር ላይ ይትከሉ? ስድብ ክልክል ነው። "አቦ" ማለት ግን ይቻላል።

የከዚራ ልጅ፦ ይትከሉ። ጉግል ለትምህርት ተቋማት ገደብ የሌለው ማከማቻ በነፃ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ እንደሚቀር አስታወቀ፤ ከ2022 ጀምሮ ለአንድ ተቋም በጠቅላላው 100 ቴራባይት ሆነ። ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ሰርንን፣ ያንን ትልቅ የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል እንኳ አልማሩትም። ማይክሮሶፍት ለትምህርት ተቋማት በሚሰጠው ቅናሽ መጠቀሙን ሲያስቀርበት የላይሰንስ ክፍያው ከ10 እጥፍ በላይ የሚያሻቅብ ሆነ። እነሱ ካማረሩ እኛ ዶላሩን ከየት እናመጣለን?

ሳቢያን ሰርቨር፦ አቦ ተው እንጂ! እኔ የምውለው ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው። የሰኔን የድሬ ሙቀት ታውቀዋለህ። መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተር ይነሳል። ኤሲው ግን ከጄኔሬተሩ ጋር አልተገናኘም። ሰርቨሩ ይሠራል፣ ክፍሉ ይጋላል። መጨረሻ ላይ ዲስክ እንዳይቃጠል ብለን በእጃችን እናጠፋዋለን። ያኔ "ፋይሌ የት ገባ?" የሚለው ስልክ አያባራም። ደግሞ ኔክስትክላውድ አንዴ ተጭኖ የሚተው ነገር አይደለም። አፕዴት አለው፣ ባክአፕ አለው። ያሠለጠንከው ልጅ የልምድ ደብዳቤውን ይዞ ባንክ ይቀጠራል። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው የሚለኝ ሰው ናፍጣውን ማን እንደሚችል ይንገረኝ።

ጀጎል፦ እኔ የጤና ጥናት ላይ ነኝ። የታካሚዎች መጠይቅ ያለው በዳታ ሰብሳቢው የግል ጂሜይል ውስጥ ነው። ልጁ ነገ ሥራ ቢለቅ ፋይሉም አብሮት ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል እኮ። ለዚህ ነው የራሳችን ይኑረን የምለው።

ሳቢያን ሰርቨር፦ ለእሱ ኦፕን ሶርስ አያስፈልግሽም። ተቋሙ በራሱ ስም አካውንት ይክፈትላችሁ። ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱ ይዘጋል፣ ፋይሉ ይቀራል። ጉግልም ይህን ያደርጋል።

ጀጎል፦ ማን የከፈተልን አለ?

ሦስተኛ ዓመት፦ የተማሪም ድምፅ ይሰማ። የውጭው ኢንተርኔት ሲቆረጥ ድራይቭ አይከፈትም። ሙድል የሚባለው ኦፕን ሶርስ የትምህርት ማቅረቢያ ግን ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ስለሆነ በግቢው ዋይፋይ ይከፈታል። ለፈተና ያነበብኩት በዚያ ነው። ቤት ስገባ ግን ያው በራሴ ዳታ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ተመስገን፣ አንድ ሰው ደገፈኝ! ሳቢያን ስለ ሙቀቱ ያልከው ልክ ነው። ግን እያንዳንዱ ግቢ ለምን ለብቻው ይሠቃያል? በጀርመን በሙንስተር ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የጋራ ክላውድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ብዙ ተቋማት በኦፕን ሶርስ ላይ ተመሥርተው አብረው ይጠቀሙበታል። እኛም ዩኒቨርሲቲዎችን ለማገናኘት የተቋቋመ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ አለን። አንድ የጋራ ሰርቨር፣ አንድ ጠንካራ ቡድን፣ በቃ።

ሳቢያን ሰርቨር፦ ሰርቨሩ አዲስ አበባ ይሆንና መስመሩ ሲቆረጥ ሦስተኛ ዓመት ምን ይሁን?

አስተባባሪ፦ እኔም ልግባ። ሁለቱን መለየት ያለብን ይመስለኛል። ሙድል እዚሁ ግቢ ይሁን፣ ለተማሪ ቅርበት ያስፈልገዋል። የምርምር ዳታ ወደ ጋራ ሰርቨሩ ይሂድ። በጀት ሲጠየቅ ግን ከሶፍትዌሩ በፊት የሁለት ባለሙያ ደመወዝና ኤሲው ይጻፍ። እነዚህን የማይጠቅስ ፕሮፖዛል ሳየው ይደክመኛል።

ጀጎል፦ እሺ፣ እስከዚያው መጠይቄን የት ላስቀምጠው?

ሳቢያን ሰርቨር፦ ኢንክሪፕት አድርጊው፣ ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ፤ ከዚያ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪው። አንዱን ቢሮ ቆልፊበት፣ ሌላውን ሌላ ሕንፃ። ፓስወርዱን ቴሌግራም ላይ አትላኪው አቦ!