ሙቀት ብቻውን የሚነዳው ፍሰት ሞዴሌ ውስጥ ለምን ዜሮ ሆነ?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆኜ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። አየር ያለበት ቦይ አለኝ፤ ስፋቱ 1፣ ርዝመቱ 100 ማይክሮ ሜትር። አንዱ ጫፍ 300፣ ሌላው 400 ኬልቪን ነው፤ ግፊቱ በሁለቱም በኩል እኩል። ጋዙ ከቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መሄድ አለበት። ናቪየር-ስቶክስ (የፈሳሽና የጋዝ ፍሰት እኩልታ) ግን ፍጥነቱን ዜሮ ይለኛል። ምን ላድርግ?

ቦርከና፦ አብሽር ወንድሜ። እኩልታውን ተወው፣ ግድግዳውን እይ። «ግድግዳ ላይ ፍጥነት ዜሮ» ካልክ ፍሰቱን ከመነሻው ዘግተኸዋል። ከሙቁ በኩል የሚመጡ ሞለኪውሎች ግድግዳውን ወደ ቀዝቃዛው ይገፉታል፤ ጋዙም በአጸፋው ወደ ሙቁ ይንሸራተታል። ማክስዌል በ1879 እ.ኤ.አ. ቀመሩን ሰጥቷል፦ ቪስኮሲቲን (ጋዙ ፍሰትን የሚቋቋምበትን መጠን) ለዴንሲቲና ለሙቀት ብዜት አካፍል፣ በግድግዳው ርዝመት ባለው የሙቀት ለውጥ አባዛ፣ ከዚያ በ3/4። ላንተ ቦይ በሰከንድ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ዜሮውን በዚህ ተካው።

ሐይቅ ዳር፦ ቦርከና ልክ ነው፤ ግን ግፊቱን ስንት አድርገህ ነው? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ግፊቱ 75 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ሞለኪውል ሳይጋጭ የሚሄደው አማካይ ርቀት በባሕር ወለል 68 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ግን ወደ 90 ይጠጋል። ለስፋቱ ስታካፍለው የክኑድሰን ቁጥርህ 0.09 ነው። ሙቁ ጫፍ ላይ ደግሞ 0.1ን ያልፋል። የማክስዌል ቀመር የሚታመነው እስከዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲያ የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴና ግጭት የሚከተለው የቦልዝማን እኩልታ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በቢጂኬ (የግጭቱን ስሌት በሚያቃልል ሞዴል) ይጀምራል፤ እኔ አልመክርህም። የፕራንድትል ቁጥሩን (የቪስኮሲቲንና የሙቀት ማስተላለፍን ንጽጽር) 1 ያደርገዋል፣ የአየር ግን 0.7 ገደማ ነው። ፍሰቱን የሚነዳው ሙቀት ሆኖ ሳለ ሙቀት ማስተላለፉን ማዛባት ከባድ ነገር ነው። ቢጂኬን የሚያሻሽለው የሻኮቭ ሞዴል ይህን ያርመዋል። መጀመሪያ በአርጎን ሥራው፤ ነጠላ አቶም ስለሆነ የሞለኪውል መሽከርከር አያስቸግርህም።

የጦሳ ልጅ፦ አላህ ይስጣችሁ! ግድግዳውን ቀየርኩት፣ ፍሰቱ መጣ። ሁለቱን ጫፎች ከየራሳቸው ዝግ ጋን ጋር ባገናኝስ? የግፊቱ ልዩነት እስከ ስንት ይደርሳል?

ቦርከና፦ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ በማይጋጩበት ሁኔታ የግፊቶቹ ሬሾ የሙቀቶቹ ሬሾ ስኩዌር ሩት ነው። ላንተ 1.15 ገደማ። ያንተ ቦይ ከዚያ በጣም ያንሳል። ምክንያቱም ጋዙ በግድግዳው ዳር ወደ ሙቁ ሲሄድ፣ ግፊቱ በመሐል ወደ ቀዝቃዛው ይመልሰዋል። ሁኔታው ሲረጋጋ በየትኛውም ቦታ ቦዩን አቋርጠህ ብትደምር የተጣራው ፍሰት ዜሮ መሆን አለበት። ካልሆነ ኮድህ የሆነ ቦታ ማስ እያጠፋ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ፈልግ።