ተማሪዬ ፈተናዋ ሊደርስ ነጥቧ ወረደ፤ ዛሬ ማታ ምን ላስጠናት?

አስጠኚዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ወገኖቼ፣ ቶሎ ድረሱልኝ። ለኤልሳት፣ ለአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ የማስጠናት ልጅ በመለማመጃ ፈተና 158 ደርሳ ነበር፤ ትናንት 151 አመጣች። በስልክ ስታለቅስ ነው ያደረችው። ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ችግሩ እንግሊዝኛው ይመስለኛል፤ ከአዲስ አበባ የመጣችው ሁለተኛ ደረጃ እየተማረች ሳለ ነው። ከባድ ቃላት ላስጠናት ወይስ ሌላ ሙሉ ፈተና ልስጣት? የእንቆቅልሹም ክፍል ገና አልገባትም።

የዳላሱ፦ የትኛው እንቆቅልሽ? ሰዎችን በወንበር መደርደሩ ከሆነ ከኦገስት 2024 ወዲህ ቀርቷል። መጽሐፍሽ አሮጌ ነው። አሁን ነጥብ የሚያዘው በሁለት የአመክንዮና በአንድ አንብቦ የመረዳት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ነጥብ የሌለው አራተኛ ክፍልም አለ፤ የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉንም በትጋት ትሥራ።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ ሕግ ንባብ ነው። እዚህ አገር ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚጠናውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ቃል ሸምድዶ ነገ ጠበቃ መሆን የለም። ልጆቻችን ከመጽሐፍ ጋር ተኳርፈዋል።

የአትላንታዋ፦ ሌላ ሙሉ ፈተና ስጫት። ድግግሞሽ ነው መድኃኒቱ።

የሕግ ተማሪ፦ እንግሊዝኛው ቢሆን ኖሮ 158 ከየት መጣ? ቋንቋ በአንድ ሌሊት አይጠፋም። የትኛው ክፍል ላይ ወረደች? ባዶ የተወችው ጥያቄስ አለ?

አስጠኚዋ፦ የወረደችው በአመክንዮው ነው። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሰዓት አልቆባት ትታቸዋለች። «ብቻ» እና «ካልሆነ በስተቀር» ያለባቸውንም ትስታለች።

ሸገር በሩቁ፦ እኔን ጥያቄውን ማንበቡ ብቻ ራሴን አመመኝ። ሽሮ አብልተሽ በጊዜ አስተኛት።

የሕግ ተማሪ፦ የእንቅልፉ ምክር መልካም ነው። ባዶ መተው ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፣ በግምትም ቢሆን ትሙላ። ቀጥለሽ ይህን ጠይቂያት፦ «ጥብቅና የሚቆመው ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። እገሌ ፈቃድ አለው። ስለዚህ ጥብቅና ይቆማል።» ትክክል ነው ካለች ችግሩ እዚህ ነው። ፈቃድ ይዞ ጥብቅና የማይቆም ሞልቷል። የሚከተለው ተቃራኒው ነው፤ ፈቃድ የሌለው አይቆምም። ከዚያ ትናንት የሳተቻቸውን ብቻ፣ መልሱን ሳታሳያት፣ ያለ ሰዓት ድጋሚ አሠሪያት። ካገኘቻቸው የጎደላት ፍጥነት ነው። አሁንም ከሳተቻቸው ድምዳሜው የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ በጣቷ ታሳይሽ፤ ምርጫዎቹን ከዚያ በፊት አታንብብ። አዲስ ፈተና ዛሬ አትስጫት፤ እንባዋ ገና አልደረቀም።

የአትላንታዋ፦ እኔ አሁንም ሙሉ ፈተና እላለሁ።

የዳላሱ፦ በአዲሱ ቅርጽ የተዘጋጁ የቆዩ ፈተናዎች ሎውሃብ በሚባለው የፈተናው አዘጋጆች ድረ ገጽ ላይ አሉ፤ መጽሐፉን ተይው። ለብቻው የሚሠራውን የጽሑፍ ክፍልስ ጨርሳለች? ነጥብ አይሰጠውም፤ ነገር ግን እሱ ካልተሟላ ውጤቷ አይለቀቅላትም።

አስጠኚዋ፦ የጽሑፍ ክፍል? ስለ እሱ አንስተን አናውቅም። አሁኑኑ ልደውልላት።