የሳሞአ ቋንቋና ባህል ክፍል ተሰጠኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ መምህርት ከደቡብ ኦክላንድ

ሰላም ለሁላችሁም። ኒውዚላንድ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማኅበራዊ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ። የሳሞአ (የደቡብ ፓሲፊክ ደሴቶች) ቋንቋ አስተማሪያችን የወሊድ ፈቃድ ልትወጣ ስለሆነ፣ ተተኪ እስኪገኝ ለአንድ ተርም (የትምህርት ዘመኑ ሩብ) የ13 እና የ14 ዓመት ተማሪዎቿን እኔ እንድይዝ ተነግሮኛል። ለምን እኔ ብል፣ «አንቺም ሌላ ቋንቋ ትችያለሽ» አሉኝ። አማርኛ ለሳሞአኛ ምን እንደሚረዳ እግዜር ይወቅ!

ግማሹ ክፍል የሳሞአ ልጆች ናቸው፤ ቤታቸው ይሰማሉ፣ ሲጠየቁ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱት። የቀሩት የቶንጋ፣ የማኦሪ (የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ) እና የህንድ ልጆች ናቸው። የእኔ ሳሞአኛ «ታሎፋ» ብሎ ሰላምታ፣ «ፋአፌታይ» ብሎ ምስጋና ነው፤ በቃ። ከቋንቋው ልጀምር ወይስ ከባህሉ? ከተማሪዎቼ ያነሰ እያወቅሁስ ፊታቸው እንዴት ልቁም? ከሳሞአዎች ጋር የኖራችሁ እባካችሁ።

መልስ፦ የማኑካው እናት

እህቴ አይዞሽ። መጀመሪያ ትምህርት ሚኒስቴር ለጀማሪዎች ያዘጋጀውን «ሙአ ኦ» የሚባለውን ፕሮግራም ፈልጊ። ቋንቋውን ለማይችል አስተማሪ ጭምር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ከባዶ አትነሺም።

ፊደሉ ቀላል ነው። መሠረታዊዎቹ 14 ናቸው፤ ለውጭ ቃላት ሲባል የተጨመሩ ሦስት አሉ። ልጆች እኛ ሀሁን እንደምንለው በዜማ ነው የሚሏቸው፦ አ አቶ (ቅርጫት)፣ ኤ ኤሌፋኔ (ዝሆን)፣ ኢ ኢፑ (ኩባያ) እያሉ ይወርዳሉ። ያንን ዜማ የሳሞአ ልጆች ለሌሎቹ ያስተምሩ። የመጀመሪያው ሳምንት በዚህ ያልቃል፣ አንቺም አብረሽ ትማሪያለሽ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ በላቲን «ጂ» የተጻፈችውን እንደ «ገ» እንዳታነቢያት። «አንገት» ስንል ከገ በፊት አፍንጫ ውስጥ የምትቀረዋ ድምፅ ናት፤ እሷ ላይ ቁሚ። ፈረንጅ ባልደረቦችሽ የሚቸገሩባት እዚህ ላይ ነው፣ አንቺ ግን በአፍሽ አለችልሽ። በቃል መሐል ድምፅን ቆረጥ የምታደርገውን ምልክትም አትዝለያት። ማርዘምም ትርጉም ይለውጣል፤ «ታማ» ልጅ ነው፣ መጨረሻው ሲረዝም አባት ይሆናል።

መልስ፦ ቋንቋ አስተማሪ፣ ዌሊንግተን

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የሚያሳስበኝ ግን ልጆቹ ቤት የሚሰሙት ሳሞአኛ ነው። ሳሞአኛ ሁለት ዓይነት አነጋገር አለው። በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤት፣ በጽሑፍና በዜና የሚነገረው በ«ተ» ነው። ቤትና መንገድ ላይ «ተ»ው «ከ» ይሆናል፣ «ነ»ው ደግሞ ያችኑ የአፍንጫ ድምፅ። ስለዚህ ልጁ «ፋአፌካይ» ቢልሽ አልተሳሳተም፤ እናቱ ያስተማረችውን ነው ያለው። «ስህተት ነው» ካልሽው አፉን ይዘጋል፣ ሁለተኛም አይሞክርም። እነዚህ ልጆች ዝም የሚሉት ባለማወቅ ሳይሆን በእፍረት ይመስለኛል። «ይሄ የቤት ነው፣ ይሄ የአደባባይ ነው» ብለሽ ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ ጻፊ። ለውጤት የሚፈለገው የአደባባዩ ነው፤ «ጋጋና ሳሞአ» (ሳሞአኛ ማለት ነው) ለሁለተኛ ደረጃ ብሔራዊ ሰርተፊኬት የሚቆጠር ትምህርት ስለሆነ ልጆቹ ነገ ይጠቀሙበታል።

«ከቋንቋው ወይስ ከባህሉ» ላልሽው፣ የአክብሮት ቋንቋውን ስትጀምሪ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። እኛ «ና» እና «ይምጡ» ብለን እርባታውን እንለውጣለን፤ እነሱ ግሱን ራሱን ይለውጡታል። ለእኩያ «ሳው» ይባላል። ባለ ማዕረግ አለቃ ሲሆን «አፊዮ ማይ»፣ አፈ ጉባኤ የሆነው ባለ ማዕረግ ሲሆን «ማሊዩ ማይ»፣ ለቄስ «ሱሱ ማይ» ነው። ለራስ መጠቀም ግን ነውር ነው። ይህን ስታስረጂ ማታይ (የቤተሰብ ማዕረግ ያለው ሰው) ማን እንደሆነ፣ ማዕረጉንም ቤተ ዘመዱ ተመካክሮ እንደሚሰጠው ሳትነግሪያቸው አታልፊም። ሁለት ሳምንት ስጪው፣ ይገባዋል።

መልስ፦ የሲያትል ልጅ

እኔ አስተማሪ አይደለሁም። እዚህ ሲያትል አካባቢ ሳሞአዎች ብዙ ናቸው፣ ልጆቻቸውን ኳስ አሰለጥናለሁ። ቁጭ አድርገሽ ግስ ካስጻፍሻቸው ታጫቸዋለሽ! ከ«ሳሳ» ጀምሪ። ተቀምጠው በእጅ የሚሠሩት የቡድን ውዝዋዜ ነው፤ የዕለት ሥራን፣ ወፍን፣ መቅዘፍን በእጅ ያሳያል፣ ትእዛዞቹን አብረው ይማራሉ። እናንተ ጋ ደግሞ ፖሊፌስት የሚባለው የተማሪዎች የባህል በዓል አለላችሁ፣ ምን ያስጨንቅሻል?

መልስ፦ ቋንቋ አስተማሪ፣ ዌሊንግተን

ወንድሜ፣ ሳሳው ጥሩ ነው፤ ከእሱ መጀመር ላይ ግን አልስማማም። ፖሊፌስት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ ኦክላንድ ውስጥ የሚካሄድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትልቅ በዓል ነው፤ መድረክ ላይ የሚወጡት ልጆች ወራት ተለማምደው ነው። በአንድ ተርም ክፍል ውስጥ ውዝዋዜ ከቀደመ ቋንቋው ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ የሳሞአ ያልሆኑትም «ሳሞአ ማለት ጭፈራ» ብለው ይወጣሉ። በአምስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ትእዛዞቹን በቃል ከያዙ በኋላ ይሁን።

መልስ፦ ጋሽ አንባቢ

ልጄ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ ብለሽ የለ? እንግዲያው በማታውቂው ብቻ አትጨነቂ፤ በታሪኩ በኩል በሙያሽ ቁሚ። ኒውዚላንድ ሳሞአን ከጀርመን የወሰደችው በ1914 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በኖቬምበር 1918 ታሉኔ የምትባል መርከብ ከኦክላንድ ተነስታ የሳሞአ ዋና ከተማ አፒያ ስትደርስ ኳራንቲን ሳይደረግባት በመግባቷ ኢንፍሉዌንዛ ከሕዝቡ አምስተኛውን ያህል ፈጀ። በአጎራባቿ የአሜሪካ ሳሞአ ወደቡ በኳራንቲን ተዘግቶ ስለነበር ሰው አልሞተም። ይህን ንጽጽር ለ14 ዓመት ልጅ ስጪው፣ ራሱ ጥያቄ ያነሳልሻል። ቀጥሎ «ማው» የሚባለው የነጻነት ንቅናቄ አለ። ዲሴምበር 28 ቀን 1929 የኒውዚላንድ ፖሊስ አፒያ ላይ በሰልፈኛ ላይ ተኩሶ መሪውን ቱፑአ ታማሴሴ ሌአሎፊ ሦስተኛን ገደለ። ነጻነት በ1962 መጣ። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ ይቅርታ የጠየቁት ግን በ2002 ነው።

በዚያ ላይ ልጆቹ አያቶቻቸውን እንዲጠይቁ አድርጊ፦ መቼ ወደ ኒውዚላንድ መጡ? ፖሊስ በ1970ዎቹ ፈቃዳቸው ያለፈባቸውን ፓሲፊካውያን (የፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች) ለመያዝ በንጋት ቤታቸውን ሲያንኳኳ የት ነበሩ? ጥያቄውን በሳሞአኛ ያዘጋጁት፤ መልሱን በፈለጉት ቋንቋ ይጻፉት። ሁሉም ቤት ይህን ማንሳት አይወድም፤ የማይፈልገውን አታስገድጂ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ በተለይ። እንዲህ አሰብኩ፦ በመጀመሪያ ዜማውና ሰላምታው፣ ከዚያ የአክብሮት ቋንቋው፣ በመሐል ሳሳ፣ በመጨረሻ የአያቶቹ ቃለ መጠይቅ። የክፍሌ አንዲት ልጅ አያቷ ማታይ ናቸው፤ ስለ ማዕረግ እንዲያወሩልን ልጋብዛቸው እፈልጋለሁ። ሲመጡ እንዴት ልቀበላቸው?

መልስ፦ የማኑካው እናት

አስቀድመሽ በልጅቷ በኩል ማዕረጋቸውን ጠይቂ፤ አለቃ ይሁኑ አፈ ጉባኤ፣ ሰላምታው በዚያ ይወሰናል። ማዕረጉ የስማቸው ክፍል ስለሆነ እሱን ሳትይ በስማቸው ብቻ አትጥሪያቸው። ልጆቹ በፊታቸው ሲያልፉ ጎንበስ ብለው «ቱሎው» ይበሉ፤ የሳሞአ ልጆች ያውቁታል፣ ሌሎቹን ቀድመሽ አለማምጃቸው። መሬት ከተቀመጣችሁ እግር ወደ እሳቸው አይዘርጋ። ሰዓት አታጣብቢባቸው፤ ክፍለ ጊዜው 50 ደቂቃ ከሆነ ከሚቀጥለው መምህር ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። የሚበላ ነገር ይኑር፣ ሲሄዱም ባዶ እጃቸውን አይሂዱ።

የመክፈቻ ቃሉን አንቺ አትናገሪው። ለልጅቷ ስጫት፣ በአደባባዩ ሳሞአኛ ተለማምዳ ትምጣ።