የትራክተር ከመነዳሪ፦ የትኛውን እንግዛ? ማንስ ይለጥፈው?

በአርሲና በባሌ ትራክተር የሚያሠሩ ሰዎች ስለ ከመነዳሪ፣ ጎማው ውስጥ ገብቶ ንፋስ ስለሚይዘው ላስቲክ፣ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የየት አገሩ ይሻላል?» ነው። ጎማውን ግቢያቸው ውስጥ ራሳቸው ይቀይራሉ፣ አዲስ ከመነዳሪ ይከትታሉ። እርሻ ላይ ብዙም ሳይቆይ ሲተነፍስ ሻጩን ያማርራሉ። በእኔ እምነት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የከመነዳሪው አይደለም። የሚበላው የገባበት ጎማና ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ነው። ስለዚህ ከግዢው ጋር እሱንም አብሬ እጠቁማለሁ።

ሱቅ ስትሄዱ በጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። የኋላው 18.4-30 የሚል ከሆነ 18.4 የጎማው ወርድ ነው፣ 30 የቸርኬው ዲያሜትር፤ ሁለቱም በኢንች። በሰረዙ ቦታ «አር» የሚል ፊደል ካለ ጎማው ራዲያል ነው። የራዲያል ጎን በጣም ስለሚተጣጠፍ ለራዲያል የተሠራ ከመነዳሪ ይፈልጋል። እሱ ለተራው ጎማም ይሆናል፤ የተራው ግን ለራዲያል አይሆንም።

ቀጥሎ ላስቲኩን ጠይቁ። የቡታይል፣ ማለትም የሰው ሠራሽ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ ንፋስ ይዞ በመቆየት የተፈጥሮ ላስቲኩን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። የተፈጥሮው ደግሞ በደንብ ይለጠጣል፣ ለመለጠፍም ይቀላል። ለኋላ ጎማ እኔ ያለማመንታት ቡታይል እላለሁ። ለፊት ጎማ፣ በተለይ 7.50-16 ከሆነ፣ የቀላል ጭነት መኪናም ቁጥር ስለሆነ አሰላም ሻሸመኔም ባሌ ሮቤም ማግኘት አይከብድም። ግን የመኪናው ቫልቭ ከትራክተሩ ሊለይ ስለሚችል ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር መግጠሙን እዩ። ቀዳዳው ሰፍቶ ቫልቩ ከተወዛወዘ ሥሩ ይቆረጣል። የኋላውን ፍለጋ እስከ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ያገለገለ ከመነዳሪ አልመክርም። አንዴ የተለጠጠ ከመነዳሪ አዲስ ጎማ ውስጥ ሲገባ ትርፉ ይታጠፋል፣ እጥፋቱም እርስ በርሱ ተፋትጎ ይበሳል። ጎማው አዲስ ከሆነ ከመነዳሪውም አዲስ ይሁን።

አሁን ወደ ጎሚስታው። መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ለመለጠፍ ጎበዝ ነው፤ ግን ሙሉውን የኋላ እግር ፈታችሁ አትውሰዱለት። ከመነዳሪውን ብቻ አውጥታችሁ ውሰዱ። እግሩ ከትራክተሩ ላይ ሳይወርድ ሥራው ይቻላል። ሌሎቹን እግሮች በታኮ ያዙ፣ በክሪክ አንሡ፣ ከሥሩ ጠንካራ እንጨት ደርድሩ፣ ከዚያ የጎማውን የውጭ ጠርዝ ብቻ ከቸርኬው ፍቱ። ለትንሽ ቀዳዳ በማስቲሽ የሚለጠፈው ይበቃል። ለከፍ ያለው በእሳት የሚለጥፍ ጎሚስታ ይሻላል። ቫልቩ ሥር የተቀደደና በእጥፋት ላይ ረጅም መስመር ሆኖ የተሰነጠቀ ግን ገንዘብ አይውጣበት፤ አዲስ ግዙ። የተለጠፈውን ከመክፈላችሁ በፊት በትንሹ አስነፍታችሁ ውኃ ውስጥ አስነክሩት።

ቤት ስትመለሱ ጊዜ የሚገባው ሥራ ይህ ነው። በጎማው ውስጥ ጨርቅ ይዛችሁ ዙሪያውን ዳብሱ። የግራር እሾህ ከውጭ ተሰብሮ ጫፉ ከውስጥ ይቀራል፤ ጨርቁን ይይዘዋል፣ እጃችሁም ይተርፋል። አዲስ ጎማ ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ላጡት፤ እሱም ከመነዳሪ ይበላል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ቸርኬውን ቀለም ቀቡት። ከመነዳሪውን ታልክ ፓውደር ነስንሱበት፣ ቅርጹን እስኪይዝ ትንሽ ንፉትና አስገቡት። የጎማውን ጠርዝ የሳሙና ውኃ ቀቡት። ግሪስና ናፍጣ ላስቲክ ስለሚያበላሹ አይሆኑም። የሌቫው (የጎማ ማውጫና ማስገቢያ ብረቱ) ጫፍ ስለት ካለው በሞረድ አለስልሱት፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ብቻ ንከሱ። ተቃራኒው ጠርዝ ቸርኬው መሃል ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ከገባ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ጉልበት ከጠየቀ ሌቫው ከመነዳሪውን ቆንጥጦት ሊሆን ይችላልና ቁሙ፣ እዩ።

ስትነፉ አንዴ ሞልታችሁ ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱት፣ ከዚያ እንደገና ንፉ። እጥፋቱ የሚዘረጋው ያኔ ነው። ጠርዙ እስኪቀመጥ ከ35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አትለፉ፤ ከጎማው ፊት ሳይሆን ከጎኑ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የኋላ ጎማ ሥራ ላይ በአብዛኛው ከ12 እስከ 20 ፒኤስአይ ይበቃዋል። የጭነት መኪና የለመደ ጎሚስታ ከዚህ በጣም አብዝቶ ስለሚነፋ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ንገሩት። ማነሱም ጉዳት አለው፦ ከባድ ማረሻ ሲጎተት ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ቫልቩን ይዞት ይሄዳል። በጎማውና በቸርኬው ላይ አንድ የቀለም መስመር አሥምሩ። መስመሩ ከተላለፈ ወይም ቫልቩ ከተጋደመ ሳይቀደድ ታገኙታላችሁ።

ለክብደት ውኃ የተሞላ ጎማ ካላችሁ ግን ለብቻችሁ አትንኩት። 18.4-30 ጎማ 300 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ውኃው ሳይወጣ እግሩ ከወረደ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጠርዙ በዝገት ተጣብቆ አልላቀቅ ያለም ቢሆን ማላቀቂያ ማሽን ያለው የከተማ ጎሚስታ ጋ ውሰዱት፤ ለዚህ የሚከፈለው ብር አይቆጭም።