የጋሼ ካርዶች፦ ለአርባቸው ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ጋሼ አርፈዋል፤ አርባቸው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዝምተኛ ስለነበሩ ፎቶም ንግግርም አልተዉም። ያለው በእጃቸው የጻፉት ስድስት መሳቢያ የካታሎግ ካርድ (የየመጽሐፉ ደራሲና ርዕስ የተመዘገበበት) ነው፤ እሱም ሊጣል ነው። ስካን አድርጎ ለማስቀመጥ ከየት ይጀመራል?

መልስ 1፦ ነፍስ ይማር። በሦስት ሳምንት ስድስቱን አትጨርሱም፤ አንድ መሳቢያ ብቻ እስከ 1000 ካርድ ሊይዝ ይችላል። በአንዱ ጀምሩ። ካርዶቹ ግርጌያቸው ላይ በሽቦ ዘንግ ተወግተዋል፤ ዘንጉን ከፊት ለፊት ፈታችሁ ሳትመዙ ካርድ ከጎተታችሁ ቀዳዳው ይቀደዳል። ዝጎ እምቢ ቢል ዘይት ጠብ አታድርጉ፣ ወረቀቱ ይመጠዋል። ስካኑ በቀለም፣ 300 ዲፒአይ (የምስሉ ጥራት መለኪያ) ይሁን፤ ጀርባውንም አንሱ፣ ብዙ ማስታወሻ እዚያ ነው ያለው። ፋይሉን በመሳቢያና በተራ ቁጥር ሰይሙ፦ 01-0001። ካርዶቹን በላስቲክ አትሰሯቸው፣ ደርቆ ይጣበቃል። ፕላስተርና ላሚኔሽንማ ጭራሽ!

መልስ 2፦ የካርዶቹን ጽሑፍ ወደ ኤክሴል ስትገለብጡ የደራሲውን ስም እንዳለ ጻፉ። የአባትን ስም ወደ ፊት የሚያመጣ ሶፍትዌር አለ፤ «አበበ በላይ» «በላይ፣ አበበ» ይሆንና ፈላጊ ያጣዋል። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ደግሞ ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው፤ «ኀ»ን የሚደረድረው ከ«ቸ» በኋላ ነው። ካርዱ ላይ ያለውን ሳትነኩ፣ ለፍለጋ ብቻ ፊደሉ አንድ ወጥ የሆነ ሌላ ዓምድ ጨምሩ። ዓመቱም ያሳስታል። የአማርኛ መጽሐፍ ላይ 1966 ካለ እ.ኤ.አ. 1973/74 ነው፤ ወሩ ካልተጻፈ አንዱን አትምረጡ።

ጠያቂ፦ ለዕለቱስ የትኞቹን እናሳይ?

መልስ 3፦ ዋናውን አይደለም፣ የቀለም ኮፒውን። ቀለሙ በፀሐይ ይለቃል። በእኔ አስተያየት ጥሩ ጥሩ ጽሕፈታቸውን ብቻ አትምረጡ፤ የሰረዙትንና ያረሙትን፣ «ይመልከቱ» ብለው ከአንድ ርዕስ ወደ ሌላ የመሩበትን ካርድ አውጡ። አንባቢው በምን ስም እንደሚፈልግ ያሰቡት እዚያ ላይ ይታያል። መጽሐፍ ውስጥ የተለጠፈ የውሰት ወረቀት ካገኛችሁ ግን የተዋሾች ስም አለበትና አትለጥፉት።

መልስ 1፦ አንድ ልጨምር። በአካባቢው የታተመች ትንሽ መጽሔት ካርድ ኖሯት መጽሔቷ ከመደርደሪያ ከጠፋች ካርዱን ለይታችሁ አስቀምጡ። ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትን ጠይቁ፤ እዚያም ከሌለች መታተሟን የሚመሰክረው የጋሼ ካርድ ብቻ ሊሆን ይችላል።