ክርክር፦ ቆጠራው ብሔር ይጠይቅ ወይስ ይተው?

የቱሉ ዲምቱው፦ ሰላም ጎረቤቶች። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 103 በየ10 ዓመቱ ህዝብ ይቆጠር ይላል፣ የመጨረሻው ግን የ1999ኙ ነው፣ በሰኔ 2011 ፓርላማው ሲያራዝመውም ምክንያቱ ጸጥታ ነበር። እኔ የምለው ብሔር የሚለው ጥያቄ ከፎርሙ ይውጣ። እኛ ኮንዶሚኒየም እናቱ ጋሞ አባቱ ኦሮሞ የሆነ ልጅ ሞልቷል፣ ምን ብሎ ይመልስ? ሰው ይቆጠር፣ ቤት ይቆጠር፣ በቃ።

የገላኗ፦ እስማማለሁ። የ1999ኙ ሲወጣ የአማራ ክልል ቁጥር ከተገመተው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ስንት ዓመት አጨቃጨቀ። አሁን የብሔር ውጤት ቢታወጅማ የባሰ ነው።

የኮዬው፦ ለናንተ እረፍት ነው። የኛ የገበሬዎቹ ልጆች ግን ኮንዶሚኒየሙ የቆመው እርሻችን ላይ ነው፣ ብሔር አይጠየቅ ማለት እዚህ ማን ይኖር እንደነበር አይጻፍ ማለት ነው የሚመስለኝ።

የዶርዜዋ፦ የቱሉ ዲምቱው ወንድሜ፣ በቅንነት እንደምትለው ይገባኛል ግን የአዲስ አበባን የ1999 ውጤት አንዴ እየው። ኦሮሞ ነኝ ያለው 19.5 ከመቶ ነው፣ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው ያለው 10.7። ጉራጌ 16 ገደማ፣ ጉራጊኛ 8። አማራ ነኝ ያለው 47፣ አማርኛ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ደግሞ 71። የኛ የጋሞዎቹም 1.68 እና 1.03 ነው። ይሄ ልዩነት የታየው ሁለቱ ጥያቄ ጎን ለጎን ስለተጠየቀ ብቻ ነው፣ ብሔሩን ካወጣኸው 71 ከመቶ አማርኛ ተናጋሪ ተብሎ ይዘጋል፣ ማን ቋንቋውን እያጣ እንደሆነ አይታወቅም። ሽሮ ሜዳ ሸማ እየሰሩ ያሳደጉን ወላጆች ጋሞኛ ያወራሉ፣ እኛ እንሰማለን መመለስ ያቅተናል፣ ልጆቻችን ጭራሽ አይሰሙም፣ ማንም ከልክሏቸው አይደለም፣ ትምህርቱም ጨዋታውም ቲቪውም በሌላ ቋንቋ ስለሆነ ነው። በጣም ነው የሚያመኝ።

የቱሉ ዲምቱው፦ እሺ ቋንቋው ይጠየቅ። ብሔር ሲቆጠር ግን ወንበር ይከተላል እህቴ። ሐረሪዎች በ1999 ከክልላቸው ህዝብ 9 ከመቶ እንኳን አይሞሉም፣ ከ36ቱ የክልሉ ምክር ቤት ወንበር 14ቱ ግን የነሱ ነው፣ ሌላ ክልል የሚኖር ሐረሪ ሳይቀር ለሱ ይመርጣል። እዛው ተወልዶ ያደገው ኦሮሞና አማራ ምን ይበል?

የዶርዜዋ፦ ያኛው ብዙ ነው፣ በተቀሩት 22 ወንበሮች ድምጹ ይሰማል። ሐረሪ ግን እነዛ 14 ባይኖሩት በገዛ ጀጎሉ ውስጥ ማን ይሰማዋል? አንቀጽ 54ም ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 የፓርላማ ወንበር ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ደቡብ ኦሞ ወይጦ ወንዝ ዳር ያሉትን ኦንጎታዎች አስብ፣ ቋንቋቸውን የሚናገሩት ጥቂት አዛውንቶች ናቸው፣ ሌላው ወደ ጎረቤቶቻቸው የጻማይ ሰዎች ቋንቋ ዞሯል። እነሱን በብሔር ካልቆጠርካቸው በቋንቋ ብቻ አታገኛቸውም፣ ጻማይ ሆነው ነው የሚመዘገቡት።

የገላኗ፦ እሱስ እውነት ነው። ቅልቅሉ ልጅስ?

የዶርዜዋ፦ ሁለት ብሔር መጻፍ ይፈቀድ። ቤት ውስጥ የሚወራው ቋንቋም ከአፍ መፍቻው ተለይቶ ይጠየቅ።

የኮዬው፦ ሁለት የጻፈ ሰው በጀትና ወንበር ሲደለደል ለየትኛው ሊቆጠር ነው? እኛን የበለጠ የሚያሳንሰን እሱ እንዳይሆን።

የዶርዜዋ፦ ለሁለቱም ይቆጠር፣ ድምሩ ከ100 ቢያልፍ ችግር የለውም። ለወንበሩ የፓርላማ አባላት ሌላ ቀመር ያውጡ፣ ትምህርት ቤት በየትኛው ቋንቋ የት ይከፈት ለሚለው ግን ይሄ ቁጥር ያስፈልገናል። አሁን የሚታቀደው በ1999 ቁጥር ላይ በተሰራ ግምት ነው፣ ያኔ ሲዳማ ክልል አልነበረም፣ ደቡብም ገና አልተከፈለም፣ እኛ ያለንበት ሰፈርም እርሻ ነበር።